ለእንቁጣጣሽ በአየር በሚደርቅ ሸክላ አደይ አበባ እየሠራን ነው፤ ግን ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል

የሁለት ልጆች እናት (አዲስ አበባ፣ ሳሪስ) | ነሐሴ 7

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት ልጆቼ ለእንቁጣጣሽ ወረቀት ላይ አበባ ሥለው ለጎረቤቱ ሁሉ አደሉ። ዘንድሮ ትልቋ «ወረቀት በማግሥቱ ይጣላል፣ በሸክላ እንሥራ» አለችኝ። እሳት የማይፈልግ፣ በአየር ብቻ የሚደርቅ ነጭ ሸክላ አንድ ኪሎ ገዛሁ። የመዳፍ ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ እንሠራለን፣ በላዩ አደይ አበባ እንለጥፋለን፣ ከአናቱ ቀዳዳ አበጅተን ቢጫ ክር እናስገባለን፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የምናድላቸውን ሰዎች ስንቆጥር ሃያ አራት ሆኑ።

እስካሁን የሠራነው ስድስት ነው። ሁለቱ ከመሃል ተሰነጠቁ። አንዱ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆነ። የሁለቱ አበባ ቅጠል በቅጠል ረገፈ። ስድስተኛውን በአምስተኛ ቀኑ ገልብጬ ባየው ከሥሩ አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቷል። ሻጋታ! ዝናቡ እንደሆነ አላባራም፤ ፀሐይ ካየን ሰንብተናል። ትናንት ተስፋ ቆርጬ ከተሰነጠቁት አንዱን የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀመጥሁት፤ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ምን እያጠፋን ነው?

ቀለም ቀቢው | ነሐሴ 7

እህቴ፣ ምጣዱ ላይ የሆነውን ባትነግሪንም ገብቶናል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ሲፈላ ተነፍቶ ፈነዳ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው።

ይህ ሸክላ የሚጠነክረው ውስጡ ያለው ውሃ ሲወጣ ነው። ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል፤ እንደ ዓይነቱ ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ ይቀንሳል። ቆዳው ቀድሞ ደርቆ ሲሰበሰብ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይሰበሰብም። ያን ጊዜ ቆዳው ይጠብበዋል፣ ይተረተራል። የስንጥቁም የመጣመሙም ምክንያት ይኸው ነው፤ አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ ይደርቃል።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ውፍረቱ ስንት ነው? ምን ላይ ነው የምታደርቁት? ስትሠሩት ውሃ ትነካላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት | ነሐሴ 7

ውፍረቱ መሃሉ የአውራ ጣት ያህል ነው፣ ዳሩ ስስ። የምናደርቀው ፕላስቲክ ትሪ ላይ ነው። ውሃውን በተመለከተ ግን፣ ትንሹ ልጄ ሸክላውን ይሠራዋል ከማለት ያጥበዋል ማለት ይቀላል።

ቀለም ቀቢው | ነሐሴ 8

በቃ፣ ተገኘ።

ውፍረቱን እኩል ለማድረግ የሸክላውን ድቡልቡል በሁለት እርሳሶች መካከል አስቀምጪና መዳመጫውን በእርሳሶቹ ላይ አንከባልዪ። መዳመጫው ከእርሳሶቹ በታች ሊወርድ አይችልም፤ ሰሌዳው ሁሉ አንድ ውፍረት ይሆናል፣ ሰባት ሚሊ ሜትር ግድም። ለግድግዳ ጌጥ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ፕላስቲክ ትሪውን ተይው። ሥሩ አየር ስለማያገኝ ላዩ ሲደርቅ እርሱ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ያጎደጎደውም ያሻገተውም እርሱ ነው። ሰፌድ የለሽም? ሰፌድ ላይ ስስ ነጠላ ጨርቅ አንጥፊና በዚያ ላይ ደርድሪ፤ ከሥርም ይተነፍሳል። በመጀመሪያው ሌሊት ከላይ ፌስታል ጣል አድርጊበት፣ ሳታጣብቂ፣ ቆዳው እንዳይቸኩል። ከነጋ በኋላ ፌስታሉን አንሺና ጠዋትና ማታ ገልብጪ። በሁለተኛው ቀን፣ ሲነካ የማይለጥፍ ግን ገና የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ በሁለት ጣውላ መካከል ወረቀት አድርገሽ አንድ ሌሊት አሳድሪው። ይቃናል።

ለልጁ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አትስጪው። እርጥብ ስፖንጅ አስቀምጪለት፤ ጣቱን እርሱ ላይ ብቻ ይንካ።

ነገረኛው | ነሐሴ 8

መርካቶ ሄዶ የፕላስቲክ አበባ በደርዘን መግዛት እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ?

የሁለት ልጆች እናት | ነሐሴ 8

ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናብ ነው፣ ሁለት ልጆች ቤት ውስጥ አሉ። ጣጣውን ነው የምፈልገው።

የወለቃ ልጅ (ቤርሼባ) | ነሐሴ 9

ሰላም። ስለሚረግፈው ቅጠል እኔ ልናገር።

እናቴ የወለቃ ተወላጅ ናት። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስል እየሠሩ ለመንገደኛ የሚሸጡባት መንደር ነበረች፤ አንበሳ፣ ወፍ፣ እንስራ ያዘለች ሴት። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ስንመጣ እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ የእናቴን እጅ በሥራ ላይ ያየሁት እዚህ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ኩበት ማንደድ ስለማይቻል ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን በአየር የሚደርቀውን ገዛሁላት። ከፍታ አሸተተችውና «ይህ አፈር፣ አፈር አይሸትም» አለች። ቢሆንም አልተወችውም።

ወፍ ስትሠራ አይቻለሁ። እንቁላል የሚያህል ጭቃ ትይዛለች። በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ ከአንዱ ጫፍ ቆንጥራ ትስባለች፤ አንገት ይወጣል። እንደገና ትቆነጥራለች፤ አፍ ይሆናል። ከወዲያኛው ጫፍ ጠፍጠፍ አድርጋ ትስባለች፤ ጭራ ነው። ምንም ነገር አትለጥፍም። «የተለጠፈ ይወልቃል፣ የተሳበ አይወልቅም» ትላለች። እኔ የለጠፍኋቸው የወፍ ክንፎች መሬት ላይ ሲገኙ የእርሷዎቹ ወፎች እስከነ ጭራቸው ቆመዋል።

አበባችሁን ከአንድ ክብ ቁራጭ አውጡት። ክቡን ከዳር ወደ መሃል በቢላዋ ቅደዱ፣ መሃሉን ግን አትንኩት። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል ጫፉን ቆንጥጡና ጥቂት ወደ ላይ አንሡት። አበባውን ከሰሌዳው ጋር ማጣበቅ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁለቱም የሚነካኩበትን ቦታ በሹካ ጫሩት፤ ከዚያው ሸክላ ቁራሽ በውሃ በጥብጣችሁ እንደ አብሲት ሲቀጥን ቀቡትና ጥቂት እያሻችሁ ተጫኑት። ሁለቱም እኩል እርጥብ መሆን አለባቸው። ዛሬ የተሠራ አበባ ትናንት በደረቀ ሰሌዳ ላይ አይያዝም፤ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ጨርሷል።

የሰው ቤት (ኩዌት) | ነሐሴ 10

የእናንተ ችግር አለመድረቅ ከሆነ የእኔ ተቃራኒው ነው። የምሠራበት ቤት ልጆች ይህንኑ ሸክላ ሲጫወቱበት ይውሉና ትርፍራፊውን ይጥሉታል። እኔ አልጥለውም። ሌሊት፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ክፍሌ ውስጥ ትንንሽ ነገር እሠራለሁ። ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው መሣሪያ ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ ወደ እርሱ የዞረው ጎን ሲነጋ ደርቆ ተሰንጥቆ አገኘዋለሁ። መፍትሔው የገላ መታጠቢያ ሳህን ደፍቼበት፣ አንዱን ጠርዝ በማንኪያ ደግፌ ትንሽ ክፍተት መተው ሆነ። በዝግታ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አይሰነጠቅም።

ስለ ትርፍራፊው ልንገራችሁ። ጠንከር ብሎ ገና የሚታጠፍ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አሳድሩት፤ በማግሥቱ ሲቦካ ይመለሳል። ጨርሶ የደረቀውን ግን አትድከሙበት፤ እህል እህል የሚል፣ የማይያያዝ ነገር ነው የሚሆነው።

ለእህቴ አራት ሳንቲ ሜትር የምትሆን ጀበና ሠርቼ ከጀርባዋ ማግኔት አጣብቄ በሰው ላክሁላት። ቡና አታፈላም፤ ፍሪጅ ላይ የልጇን የፈተና ውጤት ይዛ ቆማለች።

ፎቶ ያላነሣችው (ባሕር ዳር) | ነሐሴ 11

ሁላችሁም የምታወሩት ስለሚገዛው ነው። ቤት ውስጥ ይሠራል እኮ። አንድ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ አንድ ኩባያ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ። በማይጣበቅ ድስት፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ እንደ ገንፎ አማስሉ። መጀመሪያ ይጓጉላል፤ አትደንግጡ። ከድስቱ ግድግዳ እየለቀቀ አንድ ላይ ሲሰበሰብ አውጡና ለብ ሲል በዘይት እጅ እሹት። በላስቲክ ጠቅልሎ ማሳደር ነው። አበባ ቅጠሉ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይወጣል፤ የሚገዛው እንዲያ አይሆንም። ከሚገዛው ይበልጥ ግን ይኮማተራል፤ አስባችሁ ተለቅ አድርጋችሁ ሥሩ። ድስቱን ደግሞ ወደ ወጥ አትመልሱት።

በዱቄትና በጨው የሚሠራውን የሚመክራችሁ ሰው ካለ በክረምት እንዳትሰሙት። ጨው እርጥበት ይስባል። ባለፈው ዓመት የሠራሁት ኮከብ በኅዳር ድንጋይ ሆኖ በሐምሌ ላቡን አወጣ፣ ለሰለሰ። የቀረውን አይጥ ጨረሰው።

የቀጨኔ ልጅ | ነሐሴ 12

ስሙን ላስተካክል፤ ቅር አይበላችሁ። እኛ ቤት ሸክላ የሚባለው እሳት ያየው ነው። እሳት ካላየ ጭቃ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ውሃ ሲነካው ወደ ጭቃነቱ የሚመለስ ነገር ሸክላ ልንለው አንችልም።

አያቴም እናቴም ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ስንጥቅን እኛም እናውቀዋለን። አያቴ የተሰበረ ጀበናና ምጣድ አትጥልም ነበር፤ ገሉን ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ከአዲሱ አፈር ጋር ታቦካዋለች። ገል አንዴ ተቃጥሎ ስለጨረሰ አይኮማተርም፤ አፈሩን ከውስጥ ይይዘዋል፣ ለእርጥበቱም መውጫ ያበጅለታል። እናንተ በላስቲክ ታሽጎ የምትገዙት ብዙውን ጊዜ በገል ፈንታ የወረቀት ጭረት አለበት። ቆርሳችሁ በቀስታ ብትስቡት ጭረቱ ይታያችኋል። የወለቃዋ እህት እናት ትክክል ናቸው፤ የጀበና ጡት እንኳ ሲለጠፍ አካሉ እርጥብ ሳለ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አያቴ ጭቃ ስታቦካ ስድብ ነበር። ሰው ጀበናውን ይገዛታል፣ ቤቱ ግን አያስገባትም። ስሟን አልጠሯትም፣ በሌላ ስም ነው የጠሯት፤ እዚህ አልጽፈውም። አሁን ጭቃው በሚያምር ወረቀት ተጠቅልሎ ሲመጣ የልጆች ጥበብ ሆነ። የሳሪሷ እናት፣ ይህ ለአንቺ አይደለም፤ ልጆችሽ እጃቸውን ጭቃ ውስጥ መክተታቸው ደስ ብሎኛል። ብቻ እንዲነገር ፈለግሁ።

የሁለት ልጆች እናት | ነሐሴ 12

ደግ አድርገሽ ተናገርሽ። እኔ ራሴ ያን ስድብ ትርጉሙን ሳላውቅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ልጆቹን ይዤ ቀጨኔ ብመጣና ሥራውን ቢያዩ ቅር የሚለው ይኖር ይሆን?

የቀጨኔ ልጅ | ነሐሴ 12

ኑ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። የሆነ ነገርም ግዙ፤ አይታችሁ ብቻ አትሂዱ።

ነገረኛው | ነሐሴ 13

እኔ የምጠይቀው፦ ይህ ነገር ሲደርቅ እንደ ሸክላ ከሆነ የዕጣን ማጨሻ ሠርቶ መስጠት አይሻልም? ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አበባ ምን ይሠራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) | ነሐሴ 14

ነገረኛው ወንድሜ፣ እኔ ሞክሬልሃለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና ለእናቴ የዕጣን ማጨሻ ሠራሁ። ዳስ የሚባለውን የጣልያን ሸክላ ነው የተጠቀምሁት። ሻጩ ስሙን ሲነግረኝ የሠርግ ዳስ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁበት፤ ጣልያኖቹ ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጀምሮ ሲሠሩት ኖረዋል። ጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ ጠርዙን ጠርበው እንዳስጌጡት አድርጌ አምሮበት ነበር። እናቴ ቡና አቀራረበች፣ ፍሙን አስቀመጠች፣ ዕጣኑን ጣል አደረገች። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ወረቀት የተቃጠለበት ሸተተ። ዕጣኑ ተሸነፈ። ከሥሩ ጠቁሮ ተሰነጠቀና ፍሙ ረከቦቱ ላይ ወረደ። ረከቦቱ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ትናገራለች።

እሳት የሚነካው፣ ውሃ የሚይዝ፣ ምግብ የሚቀርብበት ነገር በዚህ አይሠራም። ቫርኒሽ ቢቀባም ሲኒ አይሆንም። ለእነዚህ የቀጨኔዋ እህት ሰፈር አለላችሁ። ለጌጥ ግን ጥሩ ነው፤ የፎቶ ፍሬም፣ ቀለበት ማስቀመጫ፣ የደረቀ አበባ የሚቆምበት ማሰሮ፣ ገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ኮከብ።

ወደ አገር ቤት የምትልኩ ካላችሁ እያንዳንዱን ለብቻው ካልሲ ውስጥ ክተቱና በጋቢ መሃል ቅበሩት። ሻንጣ ዳር ያስቀመጥሁት መስቀል አዲስ አበባ ሲደርስ አራት ነበር።

ቀለም ቀቢው | ነሐሴ 16

ቀለም ልትቀቡ ስትቸኩሉ ታየኝና መጣሁ። መድረቁን በዓይን አታምኑት። ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና ውሃ እየወጣ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይመዝን፤ ሁለት ቀን በተከታታይ ክብደቱ ካልቀነሰ ጨርሷል። በዚህ ዝናብ አንድ ሳምንት ቢወስድ አይግረማችሁ። የፍሪጅ አናት ሞቅ የሚል ከሆነ ሰፌዱን እዚያ አውጡት።

ሲደርቅ ዳሩን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ትቢያውን አራግፉ፤ ስትፍቁት አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ከዚያ አክሬሊክ ቀለም። የልጆች የውሃ ቀለም ከሆነ ሸክላው ይመጠዋል፣ ይገረጣል፣ ቫርኒሽ ሲነካው ይፈሳል።

ቫርኒሹ በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት ይሁን። የእንጨት ዘይት ቫርኒሽ እያደር ነጩን ያቢጨዋል፤ ለአደዩ ግድ የለውም፣ ለሰሌዳው ግን ያስጠላል። ስስ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ። ጀርባውንም ቀቡት! የቀዳዳውን ውስጥም። ጀርባው አይታይም እየተባለ ይተዋል፤ ውሃ የሚገባው ግን ባልተቀባው በኩል ነው። አርባ ዓመት ግድግዳ ቀብቻለሁ፤ ቤት የሚፈርሰው ከማይታየው ወገን ነው።

የሁለት ልጆች እናት | ጳጉሜን 3

ጠፋሁባችሁ። ከሃያ አራቱ አሥራ ዘጠኙ ደርሰዋል!

ሰፌዱ ሠርቷል። እርሳሶቹም ሠርተዋል። አንዱን ስመዝነው እርጥብ ሳለ 86 ግራም ነበር፤ በስምንተኛው ቀን 64 ላይ ቆመ፣ ከዚያ አልተነቃነቀም። ይህን የሚያህል ውሃ በፕላስቲክ ትሪ ላይ አንቄ ይዤው ነበር ማለት ነው። የሻገተውን በኮምጣጤ ጠርጌ አደረቅሁት፤ ነጠብጣቡ ከቀለሙ ሥር ቀርቷል።

ትንሹ ልጄ የሠራው ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በቀጭን ሸክላና በኮላ ልሞላለት ስል አልቅሶ ከለከለኝ። አረንጓዴ ቀብቶ ግንድ ነው አለ። አሁን ከሁሉም የሚያምረው እርሱ ነው፤ ለእናቴ እንዲሆን ወስኗል። ቀጨኔም ሄደን ነበር። ሁለት ጀበና ገዝተን፣ ሳናስበው ምጣድም ጨምረን ተመለስን።

የወለቃ ልጅ | ጳጉሜን 4

እናቴ ስለ ግንዱ ስነግራት ሳቀች። «ልጁን ላኩልኝ» ብላለች።

የሁለት ልጆች እናት | መስከረም 3

እንኳን አደረሳችሁ። ሁሉም ታድሏል። ነገረኛው ወንድማችን በውስጥ መስመር አድራሻውን ልኮ አንድ ወስዷል፤ አልደብቅላችሁም።

እናቴ ግን አበባዋን ግድግዳ ላይ አልሰቀለችም። ዓይኗ ደከም ብሏል፤ ልጁ በደስታ ሮጦ እጇ ላይ ሲያኖርላት እውነተኛ አደይ መስሏት «እንዳይጠወልግብኝ» ብላ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቁማዋለች። በማግሥቱ ጠዋት ብንሄድ ብርጭቆው ውስጥ ነጭ ጭቃ ነው ያለው። ቢጫው ቆዳ ብቻ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ቀለም ቀቢው | መስከረም 3

ጀርባውን ቀብታችሁት ነበር?

የሁለት ልጆች እናት | መስከረም 3

የእርሱን አልቀባንም። አልቆብን ነበር።